ትንሽ ጥርስ ያለው ካንዴላ

ጥሩዬ ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ስትሸጥ መጀመሪያ የምታየው የገዢውን ፊት ሳይሆን እጁን ነው። እጁ አሮጌውን ካንዴላ ይዞ ከመጣ ግማሹ ሥራ አልቋል። ባዶ እጁን የመጣውን ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቅር አይበልህና አሮጌውን ፈትተህ አምጣልኝ» ብላ ትመልሰዋለች። ሞተር ብስክሌት ነጂዎቹ ያጉረመርማሉ።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ካንዴላ እኮ ነው የምገዛው፣ ሚስት አይደለም» አላት አንዱ አንድ ቀን።

እሷም ፈገግ ብላ መደርደሪያዋን መወልወል ቀጠለች እንጂ አልሸጠችለትም።

ይህን ልማድ ያስያዛት ባሏ ኤልያስ ነው። ኤልያስ በ1984 ዓ.ም. የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ጂንካ ገባ። መኪናው ተሰብሮ መለዋወጫ እስኪመጣለት ሁለት ወር ሲጠብቅ ጥሩዬን አያት፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ እሱ ቀረ። ሣር ከለበሰው የአውሮፕላን ሜዳ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየና የመኪናና የሞተር ዕቃ መሸጥ ጀመረ። እሷ የአሪ ልጅ ናት፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ ቁጥር አይጠፋትም፤ ጽሕፈቷም ቆንጆ ነው። ኤልያስ ዕቃ ለማምጣት ሲሄድ ሱቁን የምትጠብቀው እሷ ነበረችና፣ በተጋቡ በመጀመሪያው ክረምት አስቀምጦ አስተማራት።

«ሦስት ነገር እይ» አላት። «አንደኛ የሚፈታበትን ቁልፍ ቁጥር። ግን ቁልፉ ልክ ስለሆነ ብቻ እንዳትሸወጂ፤ ሃያ አንድ ቁልፍ የሚፈታው ሁሉ ወንድማማች አይደለም። ሁለተኛ ጥርሱን እይ። ይሄ እንደ ብሎን የሚጠመዘዘው ጥርስ ይባላል። አጭር አለ፣ ረጅም አለ። አጭሩን ለረጅም ቦታ ከሰጠሽ ሞተሩ ይንፏቀቃል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። ረጅሙን ለአጭር ቦታ ከሰጠሽ ግን ጫፉ ወደ ውስጥ አልፎ ይወጣል፤ ፒስተኑ ሲመጣ ይማታሉ። ያ ሞተር አለቀለት በይ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። የአሮጌውን ጫፍ እይ። ጥላሸት ከጠጣ ካንዴላው ለሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ሞቃት ነው። የተቆላ ገብስ ከመሰለ ያንኑ ዓይነት ስጪው።»

ጥሩዬ ይህን ሁሉ በደብተር ጻፈችው። ረጃጅሞቹን በላይኛው መደርደሪያ፣ አጫጭሮቹን በታችኛው መሳቢያ አደረገች። በየሣጥኑ ላይ የሞተሩን ዓይነት በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈች። ዓመታት ሲያልፉ የኤልያስ የዓይን ብርሃን ከዳር እየጠበበ ሄደና ሽያጩ ጠቅላላ በእሷ ላይ ወደቀ። እሱ በር አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ካንዴላ ሲሰጡት ጥርሱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ለክቶ ይናገራል። አንድም ቀን ሲሳሳት አላየችውም።

በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ኤልያስ ለዓይኑ አርባ ምንጭ ሄዶ ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ገበያተኛው ከአውሮፕላን ሜዳው ዳር እስከ ሱቋ ደፍ ድረስ ሞልቷል። በዚያ ግርግር መካከል አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ገባ። በጉልበቱ ላይ የሚቀር ቁምጣ ለብሷል፤ ትንሿን የእንጨት መቀመጫውን በእጁ አንጠልጥሏል።

«እናቴ፣ ካንዴላ አለህ?» አላት።

ስሙ ጅሩ ነው። ከዱስ፣ ከኦሞ ወንዝ ዳር፣ በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ የካራ ሰው ነው። አማርኛውን የለመደው ካደገ በኋላ ነው፤ ወንዱንና ሴቱን አይለይበትም።

«አለ። የምን ሞተር ነው?»

«ፓምፕ። የውሃ። የቤንዚን ነው፣ የድሮ።»

«አሮጌው ካንዴላስ?»

«ወንዝ በላው» አለ ጅሩ። በቤንዚን ሊያጥበው ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሳለ ከጣቱ ሾልኮ ገብቶበት ነበር። ከዚያም በተሰባበረ አማርኛው አስረዳት። ወንዙ እንደ ድሮው ሞልቶ ዳሩን አያጠጣም፤ የአሥራ አንድ ቤተሰብ ማሽላ የሚጠጣው በዚያ ፓምፕ ነው፤ የፓምፑ ጠባቂ እሱ ነው። ማሽላው ደግሞ ጉልበት ደርሷል።

ሌላ ቀን ቢሆን አሮጌውን ሳታይ አትሸጥም ነበር። ግን ወንዝ የበላውን ከየት ያምጣ? ጅሩ የሸሚዝ ኪሱን ፈትቶ የማሽላ አገዳ ቁራጭ አወጣና ባንኮው ላይ አስቀመጠ። ከአንድ የጥፍር ቁመት አትበልጥም።

«ጥርሱ ትንሽ ነው» አለ።

ጥሩዬ ጥርሱ ተበልቷል፣ አልቋል ያለ መሰላት። አሮጌ ካንዴላ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፤ ሲፈታና ሲታሰር ጥርሱ ይላላል።

«አይዞህ፣ አዲሱ ጥርሱ ሙሉ ነው» አለችው።

«አይ። ትንሽ ነው። በፊትም ትንሽ ነው።»

ከኋላው ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ሳንቲሙን ባንኮው ላይ ያንኳኳል። ጥሩዬ በባሕርይዋ ሰው ሲጠብቃት ትደነግጣለች፤ ስትደነግጥም ድምፅዋ እንደ አስተማሪ ይሆናል።

«ትንሽ አይባልም» አለችው። «በአማርኛ፣ አልቋል ነው የሚባለው።»

ሹፌሩ ሳቀ። «አባቴ፣ ጥርስ የሚያንሰው ለሕፃን ነው» አለ።

ጅሩ እግሩን አየ። «እሺ» አለ። «አልቋል።»

እሷም ከላይኛው መደርደሪያ፣ ለፓምፕ ብዙ ጊዜ የምትሸጠውን ባለ ሃያ አንድ ቁልፉን፣ ጥርሰ ረጅሙን አንስታ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችው። ሲወጣ ባንኮውን ጠረገች፤ አገዳዋም ከአቧራው ጋር መሬት ወረደች።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ጅሩ ተመልሶ መጣ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ኤልያስ ከአርባ ምንጭ ተመልሷል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ጋደም ብሎ ሬዲዮ ያዳምጣል። ጅሩ የተጠቀለለ ጨርቅ ባንኮው ላይ ፈታ።

ካንዴላው ነው። ጫፉ ተጨፍልቆ ተጣሟል፤ ነጩ ሸክላ ተሰንጥቋል። ጥርሱ ግን እስከ ግማሽ ያብለጨልጫል፤ ከግማሽ በታች ጠቁሯል። ጥሩዬ ይህን እንዳየች ሁሉም ነገር ገባት። ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ የያዘው ያብለጨለጨውን ግማሽ ብቻ ነው። የጠቆረው ግማሽ ውስጥ ገብቶ እሳቱ መሃል ቆሞ ነበር። ትንሽ ነው ያላት አጭር ነው ማለቱ ነበር። አገዳዋንም የካንዴላው መግቢያ ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ ለክቷት ኖሯል።

«ስናስነሳው ገመዱ እምቢ አለ» አለ ጅሩ። «ሁለት ሆነን ሳብን። ተነሣ፤ ጮኸ፤ ሞተ። ውስጡ ተሰብሯል። እናቴ፣ እኔ ነኝ። በጣም አጠበቅሁት። በሁለት እጅ አጠበቅሁት። ስለጠበቀ ነው የተሰበረ፣ አይደለም?»

ጥያቄውን ጠይቆ ዓይኗን አያት። የመጣው ሊወቅሳት አልነበረም፤ ፍርድ ሊቀበል ነበር። ጥሩዬ ከመጋረጃው ጀርባ የሬዲዮው ድምፅ ቀነስ ሲል ሰማች። 

«ካንዴላ ሲጠብቅ ልክ አለው» አለች በቀስታ።

ይህች ቃል ውሸት አይደለችም። ኋላ ላይ ራሷን የጠላችው በዚህ ነው። በማንም መካኒክ ፊት ብትናገራት የሚነቅፋት የለም።

ጅሩ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ» አለ።

ከታችኛው መሳቢያ አጭሩን ካንዴላ አውጥታ፣ «ይሄን በነፃ ውሰድ» አለችው።

«ሞተር የለም» አለ ጅሩ፤ «ካንዴላ ለምን?» መቀመጫውን አንሥቶ ወጣ። የተሰበረውን ግን ባንኮው ላይ ትቶት ሄደ።

«ማነው?» አለ ኤልያስ ከውስጥ።

«መንገደኛ ነው» አለች። ካንዴላውን ጨርቅ ለብሶ እንዳለ የልብስ ቁልፍና የክር ማስቀመጫ ቆርቆሮዋ ውስጥ፣ ከሥር ከተተችው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አራት ወር ጥሩዬ እንዴት እንዳለፈችው ለማንም አልተናገረችም። ካንዴላ ገዢ ሲመጣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ትጠይቃለች። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁማ ጥርሳቸውን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ሰዎች ዓይኗ እንደ ባሏ ሊጠፋ ነው ብለው አዘኑላት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩ ሲነሣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ ግን አይወጣትም። አብረዋት የሚቀመጡት ሴቶች ጉንፋን ይሆናል ብለው ጤና አዳም ሰጧት፤ ተቀብላ አመስግና ቤቷ ስትደርስ አለቀሰች።

ከሁሉ የከበዳት ሌላ ነው። እሷም ስምንት ዓመት እስኪሆናት አማርኛ አታውቅም ነበር። አንደኛ ክፍል ገብታ ሴት አስተማሪዋን «አንተ» ብላ ክፍሉ በሳቅ ሲናጋ ቁጭ አለች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም አፏን ከፍታ አልተናገረችም። ዝም ማለት ከመሳቂያነት እንደሚሻል፣ ስለዚህም ሰው እውነት ላልሆነው ነገር «እሺ» እንደሚል ከማንም ይልቅ እሷ ታውቃለች። ጅሩ «እሺ፣ አልቋል» ያለበት ድምፅ የራሷ ድምፅ ነበር። እያወቀችው አለፈችው።

በመጋቢት ማለቂያ ምንተስኖት የሚባል ወጣት አስተማሪ ለሞተር ብስክሌቱ የጎማ መለጠፊያ ሊገዛ ገባ። ከሐዋሳ ተመድቦ ዱስ የሚያስተምር ነው፤ ደመወዝ ሊቀበል ጂንካ ሲመጣ ይጎበኛታል፤ ጨዋታ ይወዳል።

«የእናንተ ዱስ ማሽላው እንዴት ሆነ?» አለችው፤ መለጠፊያውን እየጠቀለለች።

«የቱ ማሽላ፣ እትዬ? ከፓምፑ በታች ያለው ደርቆ ለፍየል ሆነ። ጅሩ የሚባል ሰው ፓምፑን ሰበረውና።»

«እሱ ነው የሰበረው?»

«ራሱ ነዋ ያመነ! ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሞ፣ አጥብቄ ሰበርኩት፣ የጂንካዋ እናትም እንዲህ አለች አለ። አሁን ስም አውጥተውለታል፣ በቋንቋቸው አጥባቂው ማለት ነው። ፍየል ሊያስር ሲነሣ፣ ኧረ ቀስ፣ አንገቷ እንዳይበጠስ ይሉታል። በር ሲዘጋ፣ ቤቱ እንዳይፈርስ ይሉታል። አማቱማ አይቀልድም፤ ከነአካቴው አያናግረውም። ፓምፑንም ወስደው ለሌላ ሰው አስጠበቁት፤ የሞተ ፓምፕ ማን ይሰርቀዋል? ግን ከሱ እጅ ይውጣ ብለው ነው።» ምንተስኖት ይህን ሲያወራ ይስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን አቆመ። «አመመዎት እንዴ?»

ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ሱቁን ዘጋችና ቆርቆሮዋን አምጥታ፣ ካንዴላውን በኤልያስ መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት። ጥፍሩን አሳረፈበት፤ ጫፉን ዳሰሰው። እሷም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው።

ኤልያስ ካንዴላውን መልሶ እጇ ላይ አድርጎ፣ «ሰው ነሽ» አላት። «ገበያ ቀን ነበር፤ ሞተሩም አሮጌ ነው። እኔስ በወጣትነቴ ስንቱን ሞተር ገድያለሁ።»

«ተናግረህ ነበር ወይስ ዝም ብለህ ነበር?»

«ዝም ያልኩትም አለ።»

«እኔ የተሳሳትኩት አንድ ቀን ነው፤ ዝም ያልኩት ግን አራት ወር ነው። ሰውየው በእኔ ቃል ራሱን አስፈረደ።»

«ታዲያ በአስተማሪው መልእክት ላኪ። የማታውቂው አገር ነው።»

ጥሩዬ ከዲመካ ገበያ ወዲያ ሄዳ አታውቅም። ሰው በተሰበሰበበት ተናግራም አታውቅም፤ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ እንድታነብ ሲለምኗት እንኳ ትሸሻለች። ቢሆንም፣ «በመልእክትማ ሌላ ሰው የተናገረው ይሆናል» አለች።

ኤልያስ በአርባ ምንጭ ያሉ ወዳጆቹን አስፈልጎ ከወደቀ ፓምፕ የተፈታ ፒስተንና ቴስታታ አስላከላት። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ጥሩዬ ያንንና የተሰበረውን ካንዴላ በጆንያ ጠቅልላ፣ ከምንተስኖት ጋር አይሱዙ ላይ ወጣች። ካኮን ሲያልፉ ሾፌሩ ሲቀልድባት ትስቅ ነበር። ቱርሚ ሲደርሱ ግን ደረቁ ወንዝ ጎርፍ ወርዶበት እስኪጎድል እዚያው አደሩ፤ እሷም የምትናገረውን ቃል ስታሰናዳና ስታፈርስ ነጋባት። ከቱርሚ ወዲያ መንገዱ አሸዋና እሾህ ነው።

ዱስ ሲደርሱ ጅሩ ጎጆው ጥላ ሥር የመጥረቢያ እጀታ ሲጠርብ አገኙት። አያትና ተነሣ። አልተገረመም፤ አልሳቀም።

«እናቴ፣ መጣህ?»

«መጣሁ» አለች። ያሰናዳችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። «ጅሩ፣ ማጥበቅህ አይደለም። ካንዴላው ነው። ረጅሙን ሰጠሁህ። ትንሽ ያልከኝ ልክ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁህ።»

ጅሩ መጥረቢያውን አስቀመጠ። «መቼ አወቅህ?»

«ስትመልሰው። ያን ቀን።»

«እኔ እዚያ ቆሜ?»

«አንተ እዚያ ቆመህ።»

ትንፋሹን ሲያወጣ ሰማችው። ምንተስኖት ራቅ ብሎ ጫማውን ያያል። ጅሩ ፒስተኑን ከጆንያው አውጥቶ በእጁ መዘነውና መልሶ ከተተው። ከዚያ፣ «ና» አላት። «ለኔ አይደለም። ለነሱ ንገር።»

መጀመሪያ የወሰዳት ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ዛፍ ሥር ነው። አሥራ አምስት ያህል ይሆናሉ። ጥሩዬ ቆመች፤ ነጠላዋን በሁለት እጅ ያዘች፤ ተናገረች። ድምፅዋ አልሰማ ብሎ ምንተስኖት ሁለት ጊዜ ደግማ እንድትናገር አደረጋት። እሱ ሲተረጉም ሰዎቹ ጅሩን ያዩ ጀመር። አንዱ ሽማግሌ ካንዴላውን ተቀብሎ ካገላበጠ በኋላ የሆነ ነገር ሲል ሁሉም ሳቁ።

«ምን አለ?» አለች።

«የከተማ ሰው ጥርሱ ስለረዘመ ነው፣ አለ» አላት ምንተስኖት።

ጅሩ አልሳቀም። «ና» አላት።

ቀጥሎ እህል የሚፈጩ ሴቶች ዘንድ ወሰዳት፤ ተናገረች። ከዚያ ፓምፑን አሁን ከሚጠብቀው ሰው ቤት፤ ተናገረች። ከዚያ ወንዝ ዳር፣ የደረቀው ማሽላ ቆሞ ካለበት፣ ዱባ ከሚዘሩት ሰዎች ዘንድ። እዚያ አንዲት ሴት ከሥራዋ ቀና ሳትል ሰማቻትና በአጭሩ መለሰችላት። ምንተስኖት መተርጎም አልፈለገም። ጥሩዬ ግን ለመነችው።

«ልጆቼ እስከ አሁን የሚበሉት የእህቴን ነው፣ ትላለች።»

ጥሩዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። በእያንዳንዱ ቦታ የሚቀልላት መስሏት ነበር፤ አልቀለላትም።

የአማቱ ቤት ሲደርሱ ምንተስኖት ትምህርት ቤት ተፈልጎ ሄደ። ሽማግሌው አማቱ መቀመጫው ላይ፣ ጀርባውን ለጅሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። አማርኛ አይሰማም። ጅሩ ትንሽ ካመነታ በኋላ፣ «ተናገር፤ እኔ እላለሁ» አላት።

ጥሩዬ አምስተኛ ጊዜ ተናገረች። አገዳውን፣ ገበያውን፣ መሳቢያውን፣ እውነቱን አውቃ ዝም ማለቷን። ጅሩ ተረጎመው። ግን ምንተስኖት አራቱንም ቦታ ሲተረጉም ርዝመቱን ጆሮዋ ለምዶታል፤ የጅሩ ከግማሹ አያልፍም።

«ሁሉንም አላልክም» አለችው።

«ይበቃል። ሽማግሌ ነው።»

«ዝም ያልኩትን አላልክለትም።»

ጅሩ ዞር ብሎ ወንዙን አየ። «እሱን ስል፣ ያን ቀን አንተ ፊት እንደ ሞኝ ቆሜ እንደነበረ ይሰማል» አለ። «ዛፉ ሥር ተሰማ፤ ሴቶቹም ሰሙ። ለሱም?»

ጥሩዬ ይህን አላሰበችም ነበር። ያመጣችው እውነት ለእሷ ሸክም ማውረጃ፣ ለእሱ ሌላ ውርደት ሊሆን እንደሚችል በዚያ ሁሉ መንገድ አንድ ጊዜ እንኳ አልታያትም።

«እንግዲያው አትበል» አለችው። «አንተ የፈለግከው ይሁን።»

 ጅሩ ወደ አማቱ ፊት ዞሮ ቁጢጥ አለና በቀስታ፣ እንደ ምንተስኖት ረዘም አድርጎ ተናገረ። በንግግሩ መካከል በእጁ ወደ እሷ አመለከተ፤ ቀጥሎ ወደ ራሱ ደረት አመለከተ። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሳያቋርጠው ሰማ። ሲጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጅሩን ዓይኑን አየውና ጥቂት ቃል ተናገረው፤ ጅሩም መለሰለት፤ እንደገናም ተነጋገሩ።

ጥሩዬ ነጠላዋን ይዛ በዚያው ቆማ ቀረች። ምን እንደተባባሉ አልጠየቀችም።